ሁሉን ቆጥረው ዝገቱን ዘነጉት፦ ስለ አሮጌ የጃፓን ስፖርት መኪና ለተጻፈው ምላሽ

ስለ አሮጌ የጃፓን ስፖርት መኪኖች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በጓደኞቼ ስልክ ሲዞር ሰንብቶ እኔም ጋ ደረሰ። የላኩልኝ እየሳቁ ነው። እዚህ ቨርጂኒያ፣ ቤቴ ጋራዥ ውስጥ የ1972 ዳትሰን 240ዚ፣ ባጭሩ «ዚ» የምንላት የጃፓን ስፖርት መኪና፣ እንዳለች ያውቃሉ። ጸሐፊው ደግሞ ለክርክራቸው ማስረጃ ያደረጉት ይህችኑ መኪና ነው።

ጽሑፉን ላላነበበ ባጭሩ ልንገር። እንደ ጸሐፊው አባባል እነዚህ መኪኖች ሲጀመርም የአውሮፓ ቅጂ ናቸው። ዋጋቸው በወሬ የተነፋ ነው። መለዋወጫ አይገኝላቸውም። ሞተርና ካርቡራተራቸው ኪስ ያራቁታል። ለነፍስ አያስተማምኑም፣ አየርም ይበክላሉ። የግድ ካማረህ ታድሶ ያለቀለትን፣ የሚያብረቀርቀውን ግዛ፤ ከገዛህ በኋላም አንዲት ብሎን እንዳትቀይር። ለሐበሻ ግን ይህ ሁሉ ቅንጦት ነውና ገንዘቡን አዲስ አበባ ቤት ሥራበት። ሐሳቡ ይኸው ነው።

ሁሉም ስሕተት አይደለም። ልክ የሆኑበት ቦታ አለ፤ ስደርስበት እናገራለሁ። የገረመኝ ሌላ ነው። ያን ሁሉ ሲጽፉ ዝገትን ያነሱት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱንም ከቀለም ጋር አያይዘው በግማሽ ዓረፍተ ነገር አለፉት። ከነዚህ መኪኖች ጋር የኖረ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነው። ስለ ዋጋም፣ ስለ መለዋወጫም፣ ስለ ጥገናም የጻፉት የተጣመመው ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

ቀኖቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። እንግዲህ በየተራ።

«የአውሮፓ ቅጂ ናቸው»

እዚህ ላይ ጸሐፊው የሰሙትን ነው የደገሙት። ዳትሰን በሚል ስም መኪና ይሸጥ የነበረው ኒሳን ከእንግሊዞቹ ተምሯል፤ ይህ የተደበቀ ነገር አይደለም። በ1952 ከኦስቲን ጋር ውል ገብቶ የኦስቲንን መኪኖች ጃፓን ውስጥ ይሠራ ነበር። ቤንዚንና አየር ቀላቅለው ለሞተሩ የሚሰጡት የ240ዚ ሁለት ካርቡራተሮችም የጃፓኑ ሂታቺ በእንግሊዙ ኤስዩ ኩባንያ ፈቃድ ያመረታቸው ናቸው። ፈቃድ ገዝቶ መሥራት ሌላ፣ መኮረጅ ሌላ። ረጅሙ አፍንጫዋ የእንግሊዞቹን ስፖርት መኪና ጃጓር ኢ-ታይፕን ያስታውሳል ካሉ፣ እሺ፣ እኔንም ያስታውሰኛል። ቅርጿን ያወጣው ግን በዮሺሂኮ ማትሱኦ ይመራ የነበረው የኒሳን ቡድን ነው።

ከቅርጿ ይልቅ ከሥር ያለውን እንይ። መኪናዋ ጃፓን ውስጥ በ1969 መጨረሻ ወጣች። አሜሪካ ገበያ ስትገባ ዋጋዋ 3,526 ዶላር ነበር። በዚያ ዋጋ ባለ ስድስት ሲሊንደር 2.4 ሊትር ሞተር፣ በጊዜው አለካክ 151 የፈረስ ጉልበት፣ ፊት ለፊት ዲስክ ፍሬን፣ አራቱም ጎማ ለየራሱ የሚንቀሳቀስ ሰስፔንሽን ነበራት። በዚያው ሰሞን እንግሊዞቹ ይሸጡት የነበረው ኤምጂቢ ባለ አራት ሲሊንደር ነው። የኋላ አክሱ ድፍን ነው፤ ፒክአፕ ላይ በምናውቀው ባሌስትራ ላይ የተቀመጠ። ፖርሽ 911 ያማረው ሰው ደግሞ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ገንዘብ ማውጣት ነበረበት። እንዲህ ያለ ቅጂ ካለ ዛሬም እገዛለሁ።

ይህ ሁሉ በአጋጣሚ አልመጣም። በአሜሪካ የኒሳን ኃላፊ የነበሩት ዩታካ ካታያማ፣ ብዙዎች «ሚስተር ኬ» የሚሏቸው፣ አሜሪካኖች ምን ዓይነት መኪና እንደሚወዱ ቶኪዮ ላሉት አለቆቻቸው ሲጨቀጭቁ የኖሩ ሰው ናቸው። በ2015፣ በ105 ዓመታቸው ነው ያረፉት። እስከ መጨረሻው የዚ ባለቤቶች እንደ አባት ያዩዋቸው ነበር።

ለእኛ ሰፈር ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። 240ዚ ስሟን ያስጠራችው ካሊፎርኒያ አስፋልት ላይ ብቻ አይደለም። በ1971 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንዛኒያን ሲያዳርስ ኤድጋር ኸርማን በ240ዚ አንደኛ ወጣ። ሁለተኛ የወጣው ሼካር ሜታም የነዳው 240ዚ ነው። ሜታ ካምፓላ የተወለደ የዚሁ አካባቢ ልጅ ነው፤ በ1973 ተመልሶ በ240ዚ አሸነፈ። በመሃል፣ በ1972፣ ያሸነፈው ፎርድ ኤስኮርት ሲሆን ፖርሽ 911 ሁለተኛ ወጣ። የ1971ዷ አሸናፊ መኪና ዛሬም ጃፓን ዛማ በሚገኘው የኒሳን ስብስብ ውስጥ አለች። ከዝናብ በኋላ የኬንያን ጥቁር ጭቃ ያየ ሰው «ቅጂ» ለማለት አፉን ያዝ ያደርጋል።

«ዋጋቸው ወሬ ነው»

ጸሐፊው በጥር 2020 በኢንተርኔት ጨረታ በ310,000 ዶላር የተሸጠችውን የ1971 240ዚ አንስተው «እብደት» ብለዋል። እብደት ይሁን አይሁን የገዢው ጉዳይ ነው። ያቺ መኪና ግን ብዙም ያልተነዳች፣ ያልተነካች፣ የመጀመሪያው ዘመን ምርት ነበረች። የሷን ዋጋ አንስቶ ስለ ሁሉም ማውራት አይቻልም። የቶዮታ 2000ጂቲ ከሚሊዮን ዶላር በላይ መሸጡም እንደዚያው ነው። 2000ጂቲ የተሠራው 351 ብቻ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ዚ ደግሞ ከነ260ዚና 280ዚ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ብዙ ስለተሠራ ነው እንደ እኔ ያለ ደሞዝተኛ እጅ የገባው። ብዙ ተሠርቶም የቀረው ጥቂት የሆነው ለምን እንደሆነ ቢጠይቁ ኖሮ ወደ ዝገቱ ይደርሱ ነበር።

«መለዋወጫ አይገኝም»

ይህኛው በቀላሉ የሚረታ ነው። የ240ዚ ሞተር የአንድ ትልቅ ቤተሰብ አባል ነው። ይኸው ዘር እስከ 1983 የዚ ተከታይ በሆነችው በ280ዜድኤክስ ውስጥ፣ በመጀመሪያዎቹ ማክሲማዎችም ውስጥ ሠርቷል። የውሃ ፓምፕ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ጋርኒሲዮን እዚህ አሜሪካ ተራ የመለዋወጫ ሱቅ ገብቶ ማዘዝ ይቻላል። የወለል ላሜራ፣ የበር ጎማ፣ ጽሑፍና አርማ ሳይቀር አዲስ እየተሠራ ይሸጣል።

ለሌሎቹም ቢሆን ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ነቅተዋል። ኒሳን ከ2017 ጀምሮ ለአር32 ስካይላይን ጂቲ-አር እቃ እንደገና እያመረተ ነው። ማዝዳ በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን ትውልድ ሮድስተር ጃፓን ውስጥ ተቀብሎ ማደስ እንደሚጀምር አስታወቀ፤ የድሮውን ጎማና መሪ ሳይቀር እንደገና አሠርቷል። ቶዮታ ለ2000ጂቲ፣ ለሱፕራና ለኤኢ86 ያመርታል። ሆንዳ ኤንኤስኤክስን እየተቀበለ ማደስ የጀመረውማ በ1993 ነው።

የማይገኝ ነገር የለም እያልኩ አይደለም። ያልተሰነጠቀ የ240ዚ ዳሽቦርድ ፈልጉና ታዩታላችሁ። ፀሐይ ሰነጣጥቆት ያልጨረሰው በጣም ጥቂት ነው፤ የተገኘውም በወርቅ ሚዛን ነው የሚሸጠው። የመጀመሪያዎቹ ምርቶች የኋላ በራቸው ላይ የአየር መውጫ አላቸው፤ ያንን በር ያገኘ ሰው ለማንም አይናገርም። ግን እነዚህ የሌሉባት መኪና መነዳት ትችላለች። ወለል የሌላት መኪና ግን አትችልም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

«ሞተሩ ኪስ ያራቁታል»

አጎቴ አዲስ አበባ ውስጥ ዕድሜያቸውን በጋራዥ የፈጁ ሰው ናቸው። መኪናዋን መግዛቴን በስልክ ስነግራቸው ስንት ትሮጣለች አላሉኝም። ሞተሯ ይጮሃል ወይም ጭስ አላት አላሉኝም። ስንት ገዛሃትም አላሉኝም። «ላሜራዋ እንዴት ነው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ «ሞተር ይገለበጣል። ላሜራ ግን እንዳይጫወትብህ» ብለው ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ።

ጸሐፊው ሙሉ አንድ ክፍል የሰጡት ለሞተሩ ነው። ሞተሩ ግን ከመኪናዋ ሁሉ ችግር የሌለበት ክፍል ነው። ብሎኩ ብረት ነው፣ አሠራሩ ቀላል ነው፣ ዘይቱ በሰዓቱ ከተቀየረ ዕድሜ ይሰጣል። የሚፈራው ሙቀት ነው፤ ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ አሉሚኒየም ስለሆነ ውሃ ጨርሶ ከተነዳ ይጣመማል። እሱም ቢሆን የታወቀ ሥራ ነው። ወርዶ ይታያል፣ ይላጋል፣ ይገጠማል። ዋጋውን ከመጀመሪያው መገመት ይቻላል።

የዝገትን ዋጋ ግን ከመጀመሪያው መገመት አይቻልም። ለምን?

240ዚ እንደ ፒክአፕ ለብቻው የሚቆም ሻንሲ የላትም። ወለሉ፣ ከወለሉ ሥር የተበየዱት ሁለት የብረት መስመሮች፣ ከበሩ ሥር ያለው ደፍ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሆነው ነው መኪናዋን የሚሸከሟት። ላሜራዋ ስስ ነው፤ ክብደቷ ቀላል የሆነውም አንዱ ምክንያት እሱ ነው። በዚያ ዘመን ጃፓኖች ብረቱን ከዝገት የሚከላከሉበት መንገድ ደካማ ነበር። በዚህ ላይ የአሜሪካ ሰሜን በክረምት መንገዱ ላይ ጨው ይበትናል። ብረት ምን ያድርግ?

ዝገቱ የሚጀምርባቸው ቦታዎች ደግሞ የሚታዩ አይደሉም። ከፊት መስታወቱ ሥር የዝናብ ውሃ የሚወርድበት መፍሰሻ አለ። ቅጠል ሲደፍነው ውሃው ወደ ጎን ሄዶ ደፉ ውስጥ ይተኛል። የባትሪው አሲድ ከሥሩ ያለውን ማስቀመጫ ይበላል። የኋላ በሩ ጎማ ሲያረጅ ውሃው ሻንጣ ማስቀመጫው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። የፊት ጎማው የሚወረውረው ጭቃ ከፓርፋንጎው፣ ከጎማው መሸፈኛ ላሜራ፣ በስተኋላ ተጠራቅሞ ዓመት ከዓመት እርጥብ ይሆናል።

የእኔዋን ስገዛ ከውጭ ንጹሕ ነበረች። የግራውን ፓርፋንጎ ብሎኖች ፈትቼ ሳነሳው ከኋላው የደረቀ ጭቃ ወደቀ፤ መሃሉ የጥድ ቅጠል አለበት፤ ማን ያውቃል ከየትኛው ክፍለ ግዛት እንደመጣ። ጭቃው የነበረበትን ላሜራ በካቻቪቴ ጫፍ ነካ አደረግሁት። እንደ ድርቆሽ ተፈረፈረ። ቀለሙ ግን በውጭ በኩል እስከዚያች ደቂቃ ያበራ ነበር። ቀዳዳው መጀመሪያ ጣቴን ያስገባ ነበር። ጤነኛ ብረት እስካገኝ ስቆርጥ ግን እጄን ከነአንጓው አስገባ። ሁሌም እንዲህ ነው። ከላይ የሚታየው የዝገቱ ትንሹ ክፍል ነው።

ገንዘቡ የሚሄደውም እዚህ ላይ ነው። የወለሉ ላሜራ ራሱ ውድ አይደለም። ውድ የሆነው የበያጁ ሰዓት ነው። ሁለቱን ደፎች በአንዴ ቆርጦ የጣለ ሰው መኪናዋ መሃሏ ላይ ትለምጥበታለች፤ ከተበየደ በኋላ በሩ አይዘጋለትም። ልምድ ያለው በያጅ መጀመሪያ የበሩን ክፍተት በብረት ይደግፋል። በሩን ገጥሞ ዙሪያውን ያለውን ክፍተት እያየ፣ በአንድ ወገን ብቻ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይበይዳል። አንድ ቦታ ላይ ከቆየ ሙቀቱ ስሱን ላሜራ ያጨማድደዋል። ስለዚህ ነጥብ ይጥላል፣ ይተዋል፣ ሌላ ቦታ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል። ይህን ቆሞ ያየ ሰው በሰዓት የሚጠየቀውን ገንዘብ አይከራከርም። ሥራውን ጀምሮ ለወራት ሳይነካ ያስቀመጠብኝ ሱቅም አጋጥሞኛል፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

ጸሐፊው «ያወጣኸውን መልሰህ አታገኝም» ያሉት ታዲያ ልክ ነው። አንዱ ልክ የሆኑበት ቦታ ይህ ነው። እንዲያውም እሳቸው ያላነሱትን ማስረጃ እኔ ልስጣቸው። ኒሳን ራሱ በ1990ዎቹ አጋማሽ አሮጌ 240ዚዎችን አሜሪካ ውስጥ እየገዛ፣ እያሳደሰ፣ በራሱ ሻጮች በኩል ወደ 25,000 ዶላር ገደማ ይሸጥ ጀምሮ ነበር። 50 እንኳ ሳይሞሉ ቆመ። ንድፉም ስሙም በእጁ ያለ ፋብሪካ እዚያ ላይ ካቆመ፣ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የምሠራው አተርፋለሁ ብዬ አልነሳም። ግን ትርፍ ማን ጠየቀ? ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ የገዛ ጎረቤቴን ስንት አተረፍክ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም።

«ካርቡራተሩን የሚያውቅ ሰው አልቋል»

አላለቀም። ጸሐፊው «ስትሞቅ አልነሳም ትላለች፣ ታንቃለች» ያሉትን ግን አውቀዋለሁ። ያ የ1973 ሞዴል ችግር ነው። በዚያ ዓመት ለጭስ ቁጥጥር ሲባል የተገጠሙት ካርቡራተሮች አናታቸው ጠፍጣፋ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ቤንዚኑ ውስጣቸው ይተንና አስቸጋሪ ይሆናሉ። ብዙ ባለቤቶች አውጥተው አናታቸው ክብ የሆነውን፣ ከ1970 እስከ 1972 የነበረውን ዓይነት ይገጥማሉ፤ ችግሩም ያልቃል። የአንድ ዓመት ምርት ጥፋት ለሁሉም መስጠት ተገቢ አይደለም።

ክብ አናት ያላቸውን ማስተካከል ደግሞ ከመኪናዋ ሥራዎች ሁሉ የምወደው ነው። የአናቱን ክዳን ፈትተህ ዘይቱን ታያለህ፤ ካነሰ ጠብ ታደርጋለህ። ሞተሩን አስነስተህ ታሞቃለህ። ከዚያ አጭር የጎማ ቱቦ ትይዛለህ። አንዱን ጫፍ ጆሮህ ላይ፣ ሌላውን የፊተኛው ካርቡራተር አፍ ላይ። ሽሽሽ የሚል አየር ትሰማለህ። ወደ ኋለኛው ትዞራለህ። እዚያ ድምፁ ከቀጠነ አየሩን ከፊተኛው ያነሰ እየሳበ ነው ማለት ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ድምፅ እስኪሰጡ ብሎኗን በሩብ ዙር በሩብ ዙር ታዞራለህ። ኮምፒውተር የለም፣ መሣሪያ የለም። ሞተሩ ሲስማማለት ከመቀመጫው በኩል ይታወቃል፤ መንቀጥቀጡን ይተዋል። አዲስ አበባ ቮልስና ፊያት ሲጠግን የኖረ ሜካኒክ ይህን ሲሰማ «ይህ ደግሞ ምን ይጻፍበታል?» ነው የሚለው።

«ለነፍስ አያስተማምንም፣ አየርም ይበክላል»

የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛው ልክ የሆኑበት ቦታ ይህ ነው። ኤርባግ የለም። ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ፍሬን የለም። በሯ ቀጭን ነው። ዛሬ መንገዱን የሞሉት ግዙፍ መኪኖች መስታወታቸው ውስጥ አያዩህም። እኔ ልጆቼን ይዤ ሀይዌይ አልወጣም። ይህን ለመከራከር የሚሞክር የአሮጌ መኪና ወዳጅ ካለ እኔን አይወክልም።

አየሩ ላይ ግን ሒሳቡ እንዳሰቡት አይደለም። ጭሷ በአንድ ኪሎ ሜትር ሲታይ ከአዲስ መኪና በብዙ ይከፋል፤ አዎን። ግን ስንት ኪሎ ሜትር ትነዳለች? ቨርጂኒያ ለ25 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ መኪና የጥንታዊ መኪና ታርጋ ይሰጣል። ያንን ታርጋ የያዘ ለዕለት ሥራ አይነዳም፤ ለትርኢት፣ ለሰልፍ፣ አልፎ አልፎም ለመዝናኛ፣ ያውም ከቤቱ በ250 ማይል ክልል ውስጥ። ለዕለት መመላለሻ ሌላ መኪና ሊኖርህ ይገባል። ካሊፎርኒያ እንኳ፣ በጭስ ቁጥጥር የሚስተካከላት የሌለው፣ የ1975ና ከዚያ በፊት ሞዴሎችን ከጭስ ምርመራ ነፃ አድርጋለች።

ስለ ቤንዚን ካነሳን አይቀር፣ ጸሐፊው ሊያስጠነቅቁበት የሚገባውን አደጋ አልነኩትም። የዛሬ ቤንዚን ኢታኖል ተቀላቅሎበታል። የድሮ የጎማ ቱቦ ኢታኖልን አይችልም። ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ የጋለ ሞተር ላይ ያንጠባጥባል። ለዓመታት የቆመች መኪና የገዛ ሰው ገና ሳያስነሳት የቤንዚን ቱቦዎቹን ሁሉ ይቀይር። ሳልባትዮውንም፣ የቤንዚን ታንኩን፣ አውርዶ ያሳጥብ። ርካሽ ሥራ ነው።

«አንዲት ብሎን አትቀይር»

ለየትኛዋ መኪና? የስካይላይን ጂቲ-አርን ሞተር የያዘችው ዚ432 ብትሆን ወደ 420 ገደማ ብቻ ስለተሠራች እጅ ባትነካት ደግ ነው። በመኪናዋ መለያ ሰሌዳ ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ከሞተሩ ጋር የሚገጥም፣ ያልተነካ የ1970 ምርት ያለውም እንደዚያው ይጠብቅ። የቀረነው ግን ያገኘነው በሦስት አራት ባለቤት እጅ ያለፈ፣ ሬዲዮው ተቀዶ የወጣ፣ ሁለት ጊዜ ቀለም የተቀባ መኪና ነው። ለማን ብዬ ነው ከፋብሪካ የወጣውን ደካማ ፍሬን የምጠብቀው?

የዚ ሰዎች የሚያደርጉት የታወቀ ነገር አለ። ከ280ዜድኤክስ ላይ የኤሌክትሮኒክስ ዲስትሪቢዩተሩን አውጥተው 240ዚ ላይ ይገጥማሉ፤ ልክ ይቀመጣል። አሜሪካ የገባችው ባለ አራት ማርሽ ስለነበረች ከዚያው ከ280ዜድኤክስ ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ይወስዳሉ። የፊት ፍሬኑ ደግሞ ከቶዮታ ነው የሚመጣው፤ የ1980ዎቹ መጀመሪያ ባለ አራት ጎማ ተሽከርካሪ ፒክአፕ ፍሬን 240ዚ ላይ ይሠራል። ዳትሰን ላይ የሃይሉክስ ፍሬን! አጎቴ ይህን ስነግራቸው በጣም ነው የሳቁት። «ሶማሌ ተራ ያደግህ መሰልከኝ» አሉኝ።

የእኔ ደንብ አንድ ነው፦ ላሜራ ቆርጬ የምገጥመው ነገር የለም። በብሎን የገባ በብሎን ይወጣል። የወጣውን ኦሪጅናል እቃ በካርቶን ጠቅልዬ፣ ጽፌበት፣ አስቀምጣለሁ። ነገ የሚገዛኝ ሰው ወደ ፋብሪካው ልመልሳት ቢል መንገዱ ክፍት ነው።

«ለሐበሻ ቅንጦት ነው»

ቤት መሥራት ጥሩ ነው። ይሥሩ። እኔም ዕቁብ እጥላለሁ፣ ቤተሰብም እረዳለሁ፤ መኪናዋ የምታገኘው ከዚያ የተረፈውን ነው። ሌላው ሰው ቅዳሜውን በኳስ ወይም በካርታ ሲያሳልፍ ለምን ቤት አልሠራህበትም የሚለው የለም።

«ካልሆነም አገር ቤት ልከህ በትርፍ ሽጣት» ያሉት ግን አንባቢ ሰምቶ እንዳይከስር መመለስ አለበት። በ2020 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሏል። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነግሯል። በነዚህ መሃል የ1972 ባለ ሁለት ካርቡራተር ስፖርት መኪና አስገብቶ የሚያተርፍ ሰው ካለ ምሥጢሩን ለእኔም ይንገረኝ።

ደግሞስ አሮጌ የጃፓን መኪና በሕይወት ማቆየት ለሐበሻ እንግዳ ሥራ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? አዲስ አበባ ውስጥ አርባ ዓመት ያለፋት ኮሮላ ዲኤክስ ዛሬም ሰው ታመላልሳለች። ወለሏ ስንቴ እንደተበየደ፣ ሞተሯ ስንቴ እንደወረደ ባለቤቱ ራሱ ረስቶታል። እዚያ የሚደረገው ስለሚቸግር ነው፣ እዚህ እኔ የማደርገው ስለምወድ ነው፤ እጁ ግን ያው እጅ ነው።

«ታድሶ ያለቀለትን ግዛ»

መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ከሁሉ ስለሚከፋ ነው። ያለቀለት መግዛት በርግጥ አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል፤ የበያጁን ሰዓት ሌላ ሰው ከፍሎልሃልና። ግን ጸሐፊው መለኪያ ያደረጉት ብርሃኑን ነው። «ቀለሙ እንደ መስታወት ከሆነ አትፍራ» ነው ያሉት። እኔ የምፈራው እንዲህ ያለውን ነው። አዲስ ቀለም ሥር የተበላ ላሜራ የሚሞላበት ስቱኮ ሊኖር ይችላል፤ ስቱኮ ሥር ምን እንዳለ ሻጩም ላያውቅ ይችላል። ለሽያጭ የተቀባች መኪና ሁለት ክረምት ቆይታ ከበሩ ሥር እብጠት ማውጣት ትጀምራለች። ያኔ ሻጩ ስልክ አያነሳም።

ስለዚህ መኪና ልታይ ስትሄድ የሚቆሽሽ ልብስ ልበስ። ክሪክና መደገፊያ ካለ መኪናዋን ከመሬት ከፍ አድርገህ ደግፍና ሥሯ ግባ። ከወለሉ ሥር ያሉትን ሁለት መስመሮች ከፊት እስከ ኋላ በእጅህ ዳብስ፤ የተጨፈለቀ ወይም በላዩ ሌላ ላሜራ የተለጠፈበት ካለ ምልክት አድርግ። ውስጥ ገብተህ ምንጣፉን ግለጥ። ባትሪውን አስወጥተህ ሥሩን እይ። የኋላ በሩን ከፍተህ የጎማውን ጠርዝ አንሳ። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ ከበሩ ሥርና ከኋላ ጎማዎቹ ዙሪያ አስኪደው፤ ካልያዘ ብረት የለም። በሮቹን ክፈትና ዝጋ፣ ክፍተታቸውን ከላይም ከታችም እይ። ሞተሩን የምታስነሳው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሻጩ ከተቆጣ ይቆጣ።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቀው፦ ቀለም ከመቀባቷ በፊት፣ ብረቷ ራቁቱን ሳለ የተነሳ ፎቶ አለ? በትክክል ያሳደሰ ሰው ፎቶ አለው፤ ሳትጠይቀው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ያሳይሃል፣ ይበቃኛል እስክትል። ፎቶ ከሌለ የምትከፍለው ያልታደሰች መኪና ዋጋ ነው።